አርባ ኮፒ፣ አንድ ምስክር

እንጀራዬን የምበላው በሌሎች ሰዎች ቅድመ አያቶች ነው። ላለፉት ሦስት ዓመታት አዲስ አበባ ተቀምጬ፣ ስሙን ለማልጠራው አንድ የውጭ ድርጅት፣ የድሮ መዝገቦችን እርስ በርስ የሚያዛምድ ሶፍትዌር እሠራለሁ። ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው። በአንድ በኩል አሜሪካ ወይም አውስትራሊያ ያለ ሰው ያስገባው የቤተሰብ ዛፍ አለ። በሌላ በኩል የልደት፣ የጋብቻ፣ የሞትና የሕዝብ ቆጠራ መዝገቦች አሉ፣ በሚሊዮን የሚቆጠሩ። ፕሮግራሙ ሁለቱን አይቶ ያመዛዝንና «ይህች ሴት ቅድመ አያትዎ ልትሆን ትችላለች» ብሎ ያቀርባል። ሰውየው «አዎ» የምትለዋን ቁልፍ ይጫናል። በቃ፣ ዘመድ አገኘ።

ለእኔ የደረሰኝ የአየርላንድ ዳታ ነው። አየርላንድን ረግጬ አላውቅም፤ ግን የኮርክን አጥቢያዎች ከአንዳንድ የአዲስ አበባ ሰፈሮች በተሻለ አውቃቸዋለሁ። ከዚህ ሁሉ ጊዜ በኋላ ሁለት ዓይነት ሰው ያናድደኛል። አንደኛው «ኢንተርኔት ላይ ስላለ ተረጋግጧል» የሚለው ነው። ሁለተኛው «የአየርላንድ መዝገብ ሁሉ ተቃጥሏል፣ ስለዚህ ያገኘኸውን እመን» የሚለው ነው። ተቃራኒ ይመስላሉ እንጂ ሥራቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም ወረቀቱን ሳያዩ ዛፉን ይተክላሉ።

«የአየርላንዶች ዘር ቆጠራ እኛን ምን አገባን?» የሚል አይጠፋም። እሺ፣ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ፣ ከዚያ ትፈርዳላችሁ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

በ1892 ጃንዋሪ 1 ቀን ኒው ዮርክ ወደብ ላይ ኤሊስ አይላንድ የተባለው የስደተኞች መቀበያ ተከፈተ። የመጀመሪያዋ ተመዝጋቢ አኒ ሙር የምትባል፣ ኔቫዳ በተባለች መርከብ ከሁለት ወንድሞቿ ጋር የመጣች የኮርክ ልጅ ነበረች። ዛሬ ሐውልት ቆሞላታል፤ አንዱ እዚያው ኤሊስ አይላንድ፣ ሌላው የተሳፈረችበት ኮቭ ወደብ ላይ። ከዚያ በኋላስ የት ደረሰች? ለብዙ አሥርት ዓመታት የተነገረው መልስ የሚያሳዝንና ደስ የሚል ነበር፦ ወደ ምዕራብ ሄደች፣ ቴክሳስ ኖረች፣ በ1923 በከተማ ባቡር ተገጭታ ሞተች። የቴክሳሷ ሴት ልጆችና የልጅ ልጆች እንደ አኒ ዘሮች በክብር ሥነ ሥርዓት ላይ ይጋበዙ ነበር።

ሜጋን ስሞለንያክ የምትባል አሜሪካዊት የዘር ሐረግ አጥኚ ግን ወረቀቱን አየችው። የቴክሳሷ አኒ ሙር በሰነዶቹ ላይ የተወለደችው ኢሊኖይ ነው ይላል። ኢሊኖይ! አሜሪካ ውስጥ! በመርከብ የመጣችበት ምክንያት አልነበረም። ስሞለንያክ እውነተኛዋን ላገኘ 1,000 ዶላር እሰጣለሁ ብላ በኢንተርኔት አወጀች፤ በ2006 ተገኘች። እውነተኛዋ አኒ ከኒው ዮርክ ርቃ አልሄደችም። ማንሃተን ውስጥ በድሆች ሰፈር አግብታ፣ ብዙ ልጆች ወልዳ፣ ከፊሎቹ በሕፃንነታቸው ሞተውባት፣ በ1924 አርፋ ኩዊንስ ውስጥ ምልክት በሌለው መቃብር ተቀብራ ነበር። የስም ድንጋይ የቆመላት በ2008 ነው።

ልብ በሉ፣ እዚህ ውስጥ የተደበቀ ምሥጢር አልነበረም። የትውልድ ቦታው ሰነዱ ላይ ተጽፎ ተቀምጧል። ሁለቱን ሴቶች ያገናኛቸው ስም ብቻ ነው፣ ስሙ ደግሞ «አኒ ሙር» ነው፤ በእኛ ቋንቋ «አልማዝ ከበደ» እንደማለት። ታሪኩ አማረ፣ ሰው ተቀባበለው፣ ከተቀባበለው በኋላ ማንም ወደ ወረቀቱ አልተመለሰም። ይህ ሁሉ የሆነው ደግሞ የዓለም ሚዲያ በሚያውቃት ሴት ላይ ነው። ማንም የማያውቃት፣ የኬሪ ገበሬ ልጅ የሆነች ሜሪ ሰሊቫን ላይ ምን ሊሆን እንደሚችል እናንተ ገምቱ።

መገመትም አያስፈልግም፤ በየቀኑ አያለሁ። ቦስተን ያለ አንድ ሰው «ሜሪ ሰሊቫን፣ በ1850 ገደማ የተወለደች፣ ኮርክ» የምትል ቅድመ አያት አለችው። ሲፈልግ ምዕራብ ኮርክ ውስጥ በ1849 የተጠመቀች ሜሪ ሰሊቫን ያገኛል። «እሷ ናት!» ብሎ ከዛፉ ጋር ያያይዛታል፤ ከእሷ ጋር አባቷ፣ እናቷ፣ አያቷ ተጎትተው ይገባሉ። ሌላ ሰው የእሱን ዛፍ አይቶ ይገለብጣል። ሦስተኛው ከሁለተኛው ይገለብጣል። ትንሽ ቆይቶ አርባ ዛፍ ላይ አንድ ዓይነት ወላጆች ይገኛሉ። አርባ አንደኛው ሰው ሲመጣ ፕሮግራሙ «40 የቤተሰብ ዛፎች በዚህ ይስማማሉ» ብሎ ይቀበለዋል። በዚያ ዓመት፣ በዚያ አካባቢ ስንት ሜሪ ሰሊቫን ተጠመቀች? ይህን የጠየቀ የለም። በዚያ አካባቢ ሰሊቫን ከመብዛቱ የተነሣ ቤተሰቦች እርስ በርስ ለመለየት ቅጽል ስም ይጨምሩ ነበር።

አንድ ሰው የነገራቸው አርባ ሰዎች አርባ ምስክር እንደማይሆኑ ለማወቅ ኢንጂነሪንግ መማር አያስፈልግም። ፍርድ ቤት ብታቆሟቸው ዳኛው «አንተስ አይተሃል?» ይላቸዋል፤ «ሰምቻለሁ» ያለው ሁሉ ወደ ቤቱ ይሸኛል። ሶፍትዌሩ ግን «ሰምቻለሁ» ያለውን ሁሉ ቆጥሮ ድምር ያወጣል። ድምሩ ከፍ ሲል «እርግጠኛነት፦ ከፍተኛ» ይላል። ይህቺ «ከፍተኛ» የምትል ቃል የምትለካው ሰዎች ስንት ጊዜ ቁልፍ እንደተጫኑ ነው። ሜሪ የማን ልጅ እንደሆነች አትለካም።

አንድ ስብሰባ ላይ ሐሳብ አቅርቤ ነበር። ምንም ሰነድ ያልተያያዘበት ዛፍ በስሌቱ ውስጥ ክብደቱ ዜሮ ይሁን፤ አንዱ ከሌላው የተገለበጠ ከሆነ ደግሞ ሁሉም ተደምረው እንደ አንድ ይቆጠሩ። ለመሥራት ከባድ አይደለም፣ ዛፉ መቼ ከማን እንደተቀዳ ዳታቤዙ ያውቃል። ፕሮዳክት ማናጀሩ ሐሳቡን ወደደው፤ ከዚያ «የጥቆማው ቁጥር በስንት ይቀንሳል?» አለ። በግማሽ ሊቀንስ እንደሚችል ነገርኩት። ፈገግ አለና ወደሚቀጥለው አጀንዳ ሄደ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ደንበኛ ወርኃዊ ክፍያውን የሚያድሰው ጥቆማ ሲመጣለት ነው። «ስለዚህ ሰው ምንም አላገኘንም» የሚል መልእክት ማንንም አያስከፍልም። እኔ የምለው፣ ጥቆማው በመዝገብ ላይ ተመሥርቶ የመጣ ይሁን፣ ወይስ የጎረቤት ኮፒ ይሁን፣ ቢያንስ በተለያየ ቀለም ይታይ። በእኛ ምርት ላይ ሁለቱም አንድ ዓይነት አረንጓዴ ናቸው።

(ስለ ግልጹ ስህተት፣ ማለትም በ1846 ኬሪ ሞቶ በ1852 ቦስተን ልጅ ስለወለደው አባትና ከልጇ በሁለት ዓመት ስለምታንሰው እናት አላወራም። እሱን ለመያዝ አሥር መስመር ኮድ ይበቃል። ማስጠንቀቂያም ይወጣል፤ ሰው «እሺ» ብሎ ያልፈዋል።)

አሁን ወደ ሁለተኛው ወገን ልምጣ፣ ወደ «ሁሉም ተቃጥሏል» ባዮች።

እውነት ነው፣ ተቃጥሏል። በ1922 ጁን 30፣ የአየርላንድ የእርስ በርስ ጦርነት በጀመረ በቀናት ውስጥ፣ ደብሊን ፎር ኮርትስ ግቢ ውስጥ የነበረው የመንግሥት መዛግብት ቤት በፍንዳታና በእሳት ወደመ። የብዙ መቶ ዓመታት ሰነድ ነበር። የተቃጠለ ወረቀት ብናኝ በከተማው ላይ ሲዘንብ ሰው ቆሞ አየ። የ1821፣ የ1831፣ የ1841 እና የ1851 የሕዝብ ቆጠራ ቅጾች ከቁርጥራጭ በቀር እዚያ ጠፉ። ኑዛዜዎች ጠፉ፤ ለጥበቃ ወደዚያ የተላኩ የአንግሊካኗ የአየርላንድ ቤተ ክርስቲያን የአጥቢያ መዝገቦችም ጠፉ።

ግን «ሁሉም» የሚለው ውሸት ነው፣ የሰነፍ ውሸት። የ1861 እና የ1871 ቆጠራ ቅጾችን እሳት አልበላቸውም፤ ቆጠራው ካለቀ በኋላ ራሱ መንግሥት ነው እንዲወገዱ ያዘዘው። የ1881 እና የ1891 ደግሞ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ተፈጭተው ወደ ወረቀት ጥሬ ዕቃነት ተመለሱ። ማለትም ግማሹን ጥፋት የሠራው ቢሮክራሲ ነው፣ ጥይት አይደለም። የ1901 እና የ1911 ቆጠራዎች ግን ሙሉ በሙሉ አሉ። የአየርላንድ ብሔራዊ መዛግብት ቤት ዋናውን ቅጽ ስካን አድርጎ በነጻ አስቀምጦታል። የመንግሥት የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባ ለሁሉም ሰው የጀመረው በ1864 ነው፤ ካቶሊክ ላልሆኑት የጋብቻ ምዝገባ በ1845። ይህ መዝገብ ከእሳቱ ውስጥ አልነበረም። የካቶሊክ አጥቢያ መዝገቦችም በየአጥቢያቸው ነበሩ፤ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ እስከ 1880 ገደማ ያሉትን በማይክሮፊልም አንስቶ በ2015 ምስሎቹን በነጻ ለቀቃቸው። በላዩ ላይ ከ1847 እስከ 1864 የተሠራው የግሪፊዝ የመሬትና ቤት ግምት አለ። ከ2022 ጀምሮ ደግሞ በደብሊን ትሪኒቲ ኮሌጅ የሚመራ ፕሮጀክት በሌሎች አገሮችና ቤተ መዛግብት የቀሩ ቅጂዎችን እየሰበሰበ የተቃጠለውን ቤት በዲጂታል መልሶ ይገነባል።

እሳቱን የሚጠሩት ሰዎች ይህን ሁሉ ቢያውቁ አይወዱትም፤ ምክንያቱም እሳቱ ይጠቅማቸዋል። «ማስረጃው ስለተቃጠለ ነው» ማለት ምን ያህል ምቹ እንደሆነ አስቡት። ከሜዮ ድሃ ገበሬ ተነሥተው በአራት ክሊክ 1650 ውስጥ ይገባሉ፤ በሁለት ተጨማሪ ክሊክ በ1014 ክሎንታርፍ ላይ የሞተው ንጉሥ ብራያን ቦሩ አያታቸው ይሆናል። በምዕራቡ አውራጃዎች ብዙ የካቶሊክ አጥቢያዎች መዝገብ የሚጀምሩት ከ1820ዎቹ ወዲህ ነው፣ አንዳንዶቹ ከዚያም ዘግይተው። የመካከለኛው ዘመን የመኳንንት የዘር ሐረግ ጽሑፍ በእርግጥ አለ። በሁለቱ መካከል ያለውን ሁለት መቶ ዓመት የሚያሻግር ድልድይ ግን ለአብዛኛው ገበሬ የለም። ሰነድ በሌለበት ቦታ ዛፉ ራሱ ሰነድ አይሆንም። ባዶ ነው፣ ባዶ ይባላል።

እስካሁን ያልኩትን የሚቀበሉ ብዙዎች ናቸው፤ «እሺ፣ ዋናውን መዝገብ ካየሁ ጨረስኩ» ይላሉ። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጣፍጠው፤ መዝገቡም ይዋሻል፣ የሚዋሽበት ምክንያት ግን ሰው ሰው ይሸታል።

የልደት ቀንን ውሰዱ። ከ1864 በኋላ ልጅ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ካልተመዘገበ ቅጣት አለ። ገበሬው መዝጋቢው ጋ ለመድረስ ረጅም መንገድ ይሄዳል፣ ሥራ አለ፣ ዝናብ አለ፤ ዘገየ። ታዲያ ምን ያደርጋል? ልጁ የተወለደበትን ቀን ወደፊት ይገፋዋል። በዚህ የተነሣ ከመወለዱ በፊት የተጠመቀ ልጅ በሽ ነው። ቄሱ በማርች 3 አጥምቆታል፣ መንግሥት በማርች 20 ተወለደ ይላል። የእኛ ፕሮግራም ይህን ሲያይ «የተለያዩ ሰዎች» ብሎ ይለያቸዋል፤ ማኅተም ያለውን የመንግሥት ወረቀት ያምናል። እኔ የቄሱን አምናለሁ፤ ቄሱ ቅጣት አያስከፍልም።

ዕድሜን ደግሞ ተዉት። በ1908 የወጣ ሕግ ከ1909 ጀምሮ ዕድሜያቸው 70 ለሞላ ድሆች በሳምንት እስከ 5 ሺልንግ ጡረታ ሰጠ። በ1909 ሰባ የሞላው ሰው የተወለደው በ1839 ገደማ ነው፤ የመንግሥት የልደት ምዝገባ የጀመረው በ1864። የልደት ወረቀት ማን አለው? ስለዚህ በ1901 ቆጠራ 56 የነበረች ሴት በ1911 ቆጠራ 71 ሆና ስትገኝ አትደንግጡ። በአሥር ዓመት ውስጥ አሥራ አምስት ዓመት ያረጀችው ስለተጎሳቆለች አይደለም። እዚህ ላይ የምወደው ነገር አለ፤ ባለሥልጣኖቹ የአመልካቾችን ዕድሜ ለማረጋገጥ የ1841ንና የ1851ን ቆጠራ ያስፈልጉ ነበር፤ የፍለጋ ቅጾቹም ብዙዎቹ ዛሬ ድረስ አሉ። የተቃጠለው ቆጠራ ቅንጣቢ በጡረታ ጠያቂ አሮጊቶች በኩል ተረፈልን።

ይህን ያነበበ አበሻ የሚስቅ ይመስለኛል። ውጭ አገር ያለ ዘመድ ከሌላችሁ ጓደኛ አላችሁ፤ በወረቀት ላይ ልደቱ ጃንዋሪ 1 የሆነ። ከመቶ ዓመት በኋላ የልጅ ልጁ ያን ወረቀት ይዞ «አያቴ በአዲስ ዓመት ዋዜማ ሌሊት ነው የተወለደው» ብሎ ዛፍ ላይ ይሰቅለዋል። ወረቀቱ ትክክለኛ ነው፣ ማኅተሙም ትክክለኛ ነው። ቀኑ ግን የተጻፈው ጠረጴዛው ላይ የነበረው ቅጽ ባዶ ቦታ ስለማይወድ ነው።

ስሞቹስ? ካቶሊክ ቄሶች ብዙ ጊዜ በላቲን ይጽፉ ነበር፤ ጄምስ «ያኮቡስ» ይሆናል፣ ዊልያም «ጉሊየልሙስ»። ከዚህ የሚብሰው ከአይሪሽ ቋንቋ ወደ እንግሊዝኛ ሲሻገሩ የሆነው ነው። ዲርመድ የተባለው ሰው በወረቀት ላይ ኤርምያስ ይሆናል፣ ታይግ ጢሞቴዎስ ይሆናል፣ ኮናር ቆርኔሌዎስ ይሆናል። የትርጉም ዝምድና የላቸውም፣ እንዲሁ ድምፁ ቀረብ ስላለ ወይም ልማድ ስለሆነ ነው። ብሪጅት አሜሪካ ስትደርስ ዲሊያ ትባላለች። ማክ ጋቫን ማለት የቀጥቃጭ ልጅ ማለት ስለሆነ አንዳንዱ ቤተሰብ ስሚዝ ሆኖ ቀረ፤ አሁን ዘሩን እንግሊዝ አገር የሚፈልግ ስሚዝ ስንት ይሆን። «ኦ» እና «ማክ» ከስም ፊት ይወድቃሉ፣ በሌላ ትውልድ ይመለሳሉ። ፊደል በፊደል የሚያወዳድር ፕሮግራም ኤርምያስን ከዲርመድ ጋር አያገናኘውም። ሁለት የማይዛመዱ ሜሪ ሰሊቫኖችን ግን በደስታ ያጋባል።

በዚያ ላይ የስም አወጣጥ ልማድ አለ። የበኩር ወንድ ልጅ በአባት አባት ስም ይጠራል፣ ሁለተኛው በእናት አባት። የዮሐንስ አምስት ወንዶች ልጆች አምስቱም የበኩር ልጃቸውን ዮሐንስ ይሉታል፤ አምስት ዮሐንሶች፣ ተመሳሳይ የቤተሰብ ስም፣ አንድ አጥቢያ፣ ተቀራራቢ ዓመት። እነዚህን ለመለየት ከሚረዱት ዋነኞቹ የክርስትና አባትና እናት ስም እና ታውንላንዱ ናቸው። ታውንላንድ ማለት የአየርላንድ ትንሿ የመሬት ክፍል ናት፣ አንድ ጎጥ የምታህል፤ ከ60,000 በላይ አሉ፣ ስማቸውም እየተደጋገመ። እነዚህ ሁለት መረጃዎች ምስሉ ላይ በቄሱ እጅ ተጽፈው ተቀምጠዋል። የፍለጋ ውጤቱ ላይ ግን ብዙ ጊዜ አይወጡም፤ መረጃውን ወደ ኮምፒውተር የገለበጠው ሰው ስምና ዓመት ብቻ እንዲያስገባ ነው የተነገረው። ያየኸው ማውጫውን ብቻ ከሆነ መዝገቡን አላየህም። «ኮርክ» የሚለው ቃል እንኳ ከተማው ይሁን፣ አውራጃው ይሁን፣ ወይስ መርከብ የተሳፈሩበት አካባቢ ይሁን አይታወቅም።

እስካሁን የቆጠርኩት የድሃ ውሸት ነው፤ ከቅጣት ለማምለጥ፣ አምስት ሺልንግ ለማግኘት። ከላይ የመጣ ውሸትም አለ። ሴንት ፓትሪክስ ጊልድ የተባለ ደብሊን የነበረ የካቶሊክ ጉዲፈቻ ድርጅት ፋይሎች ሲመረመሩ፣ ከ1946 እስከ 1969 ድረስ 126 ሕፃናት በሐሰት መመዝገባቸውን የአየርላንድ መንግሥት በ2018 አስታወቀ። አሳዳጊዎቹ እንደ ወላጅ ሆነው በልደት መዝገቡ ላይ ሰፈሩ፤ የወለደችው እናት ከነስሟ ጠፋች። ፋይሎቹ ላይ «ከልደት ጀምሮ በጉዲፈቻ» የሚል ምልክት ተገኘ። እነዚህ ሰዎች ይህን የሰሙት ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላ ነው። የልደት ወረቀታቸው ዋናው ነው፣ ምስሉ ጥርት ያለ ነው፣ ፊርማ አለው። የእኛ ሶፍትዌር ከፍተኛ ነጥብ ይሰጠዋል።

«ዲኤንኤ ይፈታዋል» የሚሉኝ አሉ። ዲኤንኤ ከአንድ ሰው ጋር ምን ያህል እንደምትዛመዱ ይናገራል፣ ስም አይናገርም። ስሙን የምታመጡት ከዘመዱ ዛፍ ነው። ዛፉን ከየት አመጣው? ተመልሰን እዚያው።

ይህን ሁሉ ብዬ «መዝገብ አትመኑ» ያልኩ ከመሰላችሁ ተሳስታችኋል። ተቃራኒውን ነው የምለው። ካትሪን ኮርለስ የምትባል የጎልዌይ አውራጃ ሴት አለች፣ በግሏ የአካባቢ ታሪክ የምታጠና። ቱዋም ከተማ ውስጥ ከ1925 እስከ 1961 ያላገቡ እናቶችና ልጆቻቸው ይገቡበት የነበረ፣ መነኩሲቶች የሚያስተዳድሩት ቤት ነበር። ኮርለስ እዚያ የሞቱ ሕፃናትን ዝርዝር ከሞት መዝጋቢው ቢሮ ጠየቀች። 796 ስም ሆነ። ከዚያ በአካባቢው ወዳሉ መካነ መቃብሮች ሄዳ የቀብር መዝገባቸውን ከዝርዝሩ ጋር አንድ በአንድ አመሳከረች። ከአንድ ሁለት በቀር የትም አልተቀበሩም። ታዲያ የት አሉ? በ2014 ጥያቄው ዓለም ሰማው፤ በ2017 የምርመራ ኮሚሽኑ በግቢው ውስጥ፣ ከድሮ ፍሳሽ ማጠራቀሚያ ጋር በተያያዘ ግንባታ ውስጥ፣ ብዛት ያለው የሰው አጽም መገኘቱን አረጋገጠ።

ልዩነቱ ይታያችሁ። ሁለት ዓይነት መዝገብ፣ በሁለት የተለያዩ ቢሮዎች፣ ለሁለት የተለያየ ዓላማ የተጻፉ። አንዱ «ሞተ» ይላል፣ ሌላው «አልተቀበረም» ይላል። እውነቱ የወጣው በሁለቱ አለመጣጣም ውስጥ ነው። ዘመናዊ የማዛመጃ ሶፍትዌር ግን አለመጣጣምን እንደ ቆሻሻ ነው የሚያየው፤ አጽድቶ፣ አለስልሶ፣ አንድ ንጹሕ መስመር ያወጣል። እኔ በየሳምንቱ የምጽፈው ኮድ ሥራው ይኸው ነው።

«ትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ነው፣ ሰውን ለምን ታስጨንቃለህ?» ትሉኝ ይሆናል። ራሱ ቤት ግድግዳ ላይ የሰቀለው ቢሆን ዝም እል ነበር። ግን አንዳንዶቹ ገጾች ዓለም በጋራ የሚያርመው አንድ ዛፍ ነው ያላቸው፤ አንተ ዛሬ ማታ የቀየርከው አባት ነገ ጠዋት የሌላ ሰው አያት ነው። ጉዳዩ ወረቀትም ይነካል፦ አያቱ አየርላንድ ውስጥ የተወለደ ሰው የአየርላንድ ዜግነት የማግኘት መብት አለው፤ ለምዝገባው የሚጠየቀው ግን ኦፊሴላዊ የልደትና የጋብቻ ሰርተፍኬት ነው። አርባ ዛፍ ይዞ ቢሄድ ማንም አያየውም። አሁን ደግሞ ኤአይ መጥቷል፤ ኢንተርኔት ላይ የተበተነውን ዛፍ ሁሉ ውጦ በጥሩ አንቀጽ ይመልስላችኋል። ያኔ አርባ አንደኛው ምስክር ማሽኑ ይሆናል፣ እሱም የሰማው ከአርባዎቹ ነው።

ለሥራ ባልደረቦቼ፣ እዚህም ውጭም ላላችሁ፣ የምለው ይህን ነው። «አላውቅም» የሚል ቁልፍ ሥሩ፤ «አዎ» እና «አይደለም» ብቻ ያለው ስክሪን ሰውን ያስዋሻል። ከተቀዳ ዛፍ የመጣውን ከመዝገብ ከመጣው ለዩ። ሁለት ቀን ሲጋጭ ሁለቱንም አሳዩ፣ አማካይ አታውጡ። አሜሪካኖቹ የዘር ሐረግ ባለሙያዎች በፍለጋው ምሉዕነት፣ በምንጭ አጠቃቀስ፣ ግጭትን በመፍታት ላይ የተመሠረተ የማስረጃ ደረጃ ካወጡ ቆይተዋል፤ አንድም የምርት ስብሰባ ላይ ሲጠራ ሰምቼ አላውቅም።

ለተጠቃሚው ደግሞ ከዚህ ቀላል ነገር አለኝ። የምትፈልጉት የአየርላንድ ቤተሰብ በ1911 እዚያ ከነበረ ቅጹን ክፈቱት፤ ማውጫውን አይደለም፣ የቤቱ ባለቤት በእጁ የሞላውን ቅጽ። ያገቡ ሴቶች ሦስት ነገር ተጠይቀዋል፦ ካገቡ ስንት ዓመታቸው እንደሆነ፣ በሕይወት የተወለዱላቸው ልጆች ስንት እንደሆኑ፣ ከእነሱ ውስጥ አሁን ያሉት ስንት እንደሆኑ። ያን ቁጥር ዛፉ ላይ ካሉት ልጆች ጋር አስተያዩት። ዛፉ ሰባት ልጆች አሉት እንበል፣ ቅጹ ደግሞ አሥራ አንድ ተወለዱ፣ ሰባት አሉ ይላል። ለአራቱ ጥቆማ የላከ የለም፤ ዘር ስላልተዉ የሚፈልጋቸው ደንበኛም የለም። የልደትና የሞት መዝገቡ ምስል በነጻ አለ። አንድ ምሽት ይፈጃል፣ በእናትየው የትውልድ ስም ጀምሩ።